የውሻውም ድርሻ በእሳት ይለፍ

«ጣልለት!»

በመንዝ፣ በመሐል ሜዳ የፋሲካ ዕለት ማለዳ ይህን ቃል ያልሰማ የለም። በጉ ተገፎ ተንጠልጥሏል። ሆድ ዕቃው ወርዷል፤ ጨጓራውና አንጀቱ ሊታጠብ ሄዷል፤ ጉበቱ ለዱለት ተለይቷል። አራጁ እጅ ላይ የቀረው ሳንባው ነው። ያገላብጠዋል። ከጎኑ የርግብ እንቁላል የሚያህል፣ ነጣ ያለ፣ የተወጠረ ቋጠሮ ያያል። በቢላው ጫፍ ነካ ሲያደርገው እንደ ምንጭ የጠራ ውሃ ፊን ብሎ ይወጣል። «ይኼስ ለሰው አይሆንም» ይላል። እውነቱን ነው። ከዚያ ሳንባውን አጠገቡ ለቆመው ልጅ ያቀብልና፣ ከጠዋት ጀምሮ አጥሩ ሥር ተኝቶ ዓይኑን ከቢላው ያልነቀለውን ውሻ በአገጩ ያሳየዋል።

ያ ልጅ እኔ ነበርኩ። ሳንባው እጄ ላይ ለብ ያለ፣ መጠኑ ትልቅ ሆኖ ክብደት የሌለው ነገር እንደነበር ዛሬም ይሰማኛል። ውሻችን ሁለት ጊዜ ነክሶ ዋጠው። ከዚያ መጥቶ እጄን ላሰኝ፤ እኔም እጄን በሱሪዬ ጠረግሁና የተቆረሰልኝን ድፎ ዳቦ ተቀበልኩ። ማንም አልተቆጣኝም። የሚያስቆጣ ነገር መኖሩን ያወቀ ሰው በግቢው አልነበረም።

«ለውሻ ጥሬ ነው ደንቡ» የሚለው ሐሳብ በአገራችን ገበሬውም ከተሜውም፣ የተማረውም ያልተማረውም የሚስማማበት ነው። ሰው የተጸየፈውን ውሻ ይበላዋል፤ ውሻ የበላው ደግሞ እዚያው ያልቃል ተብሎ ይታመናል። እኔ ግን አያልቅም እላለሁ። ለውሻ ጥሬ የተጣለ ሳንባና ጉበት ተመልሶ ወደ በጉ፣ ወደ ልጁም ይመጣል። ይህን ልማድ በመንዝ፣ በጌራ ምድርም ሆነ በግሼ ካልተውነው፣ በጎቻችንንና ልጆቻችንን በገዛ እጃችን እየጎዳን እንኖራለን።

ቢላው የነካው ቋጠሮ የአንድ ትል ማደጊያ ከረጢት ነው። ሐኪሞች ሃይዳቲድ ይሉታል፤ የትሉ ስም ኢኪኖኮከስ ነው። ውሃው ሲፈስ በመዳፍ ቢይዙት ከሥሩ ደቃቅ አሸዋ የመሰለ ነገር ይዘቅጣል። እያንዳንዷ ቅንጣት የትል ራስ ናት። ውሻው ሲውጣት አንጀቱ ላይ ትጣበቅና ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር የምትረዝም ትል ትሆናለች፤ ከሩዝ ፍሬ አትበልጥም። አንድ ውሻ እንዲህ ያሉ በሺህ የሚቆጠሩ ትሎችን ተሸክሞ ሊሄድ ይችላል። አይከሳም፣ አያስልም፣ ከመጮኽም አይቦዝንም። ስለዚህ የሚጠረጥረው የለም። ከስድስት ወይም ከሰባት ሳምንት በኋላ ግን ዓይን የማያየው የትል እንቁላል ከኩሱ ጋር መውጣት ይጀምራል።

እስቲ ይህን በእኛ ዘመን አቆጣጠር እናስላው። ፋሲካ በሚያዝያ መጀመሪያ ከዋለ፣ የፋሲካው ሳንባ እንቁላል ሆኖ ሜዳ ላይ የሚወድቀው ግንቦት ሲያልቅ ነው። ሰኔ ግም ሲል፣ አዲሱ ሣር ብቅ ሲል፣ ምድሩ ሲረጥብ ማለት ነው። ይህ እንቁላል የሚፈራው ድርቀትንና ሙቀትን ነው፤ ቀዝቃዛና እርጥብ ቦታ ለወራት ይቆያል። ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነው የመንዝ ደጋ ከዚህ የተሻለ ምን ያቀርብለታል? በጓ ሣሩን ትግጣለች፤ እንቁላሉ አንጀቷ ውስጥ ይፈለፈላል፤ በደም ተጉዞ ጉበቷና ሳንባዋ ላይ ይቀመጥና ከረጢቱን ማሳደግ ይጀምራል። እድገቱ ዓመታት ይፈጃል። ለዚህም ነው ትልልቁ ቋጠሮ ብዙ ዓመት በወለደችው አሮጊት በግ ውስጥ የሚገኘው። ወጠጤውና ሙክቱ ለነጋዴ ይሸጣል፤ አሮጊቷ ለቤት ትታረዳለች። ከዚያም እንደገና «ጣልለት» ይባላል።

ልጁስ? ልጁ ውሻውን ያቅፋል። እንቁላሉ የውሻው ፀጉር ላይ፣ አፍንጫው ላይ፣ ምላሱ ላይ አለ። ከእጅ ወደ አፍ ሲገባ በበጓ ሆድ ያደረገውን በልጁም ሆድ ያደርጋል። ሕመሙ የሚሰማው ልጁ ጎልምሶ፣ ምናልባት ከመንዝ ወጥቶ ሌላ ቦታ ሲኖር ነው። ጎኑን ይከብደዋል፣ ሆዱ ይነፋል፤ ሆስፒታል ሄዶ በአልትራሳውንድ ሲታይ ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይገኛል። ብዙ ጊዜ የሚወጣው በቀዶ ሕክምና ነው። ሆድ ውስጥ ከፈነዳ ሕይወት የሚያሰጋ የሰውነት ድንጋጤ ያስከትላል፤ ይዘቱም ተበትኖ ሌላ ቋጠሮ ይወልዳል። በዚያን ሰዓት ከሃያ ዓመት በፊት የበላውን ድፎ ዳቦ ማን ያስታውሳል?

«አባቶቻችን ሲጥሉለት ኖረው ምን ሆኑ?» ለሚለው ክርክር መልሴ እዚሁ ላይ ነው። ሆነዋል። ምክንያቱና ውጤቱ በዓመታት ስለተራራቁ አላገናኟቸውም እንጂ። በሆድ እብጠት የሞተ ሰው በየቤተሰቡ አለ። ሁሉም በዚህ ትል ሞተ አልልም፤ አንድም ሰው ግን ከውሻው ጋር አያይዞ አልጠየቀም።

አዙሪት ስለሚባለው የበግ በሽታ ደግሞ የመንዝ በግ አርቢ ከእኔ ይልቅ ያውቃል። በጓ ከመንጋው ትነጠላለች፤ አንገቷን ወደ አንድ ጎን ትጥላለች፤ እንደ ወፍጮ መጅ በአንድ ቦታ ትዞራለች፤ ግድግዳ ስትደርስ ግንባሯን አስደግፋ ትቆማለች። አንጎሏ ውስጥ ያለው ቋጠሮ የሌላ ትል ከረጢት ነው፤ የዚህም ትል አዋቂው የሚኖረው ውሻ አንጀት ውስጥ ነው። ባለቤቱ ተስፋ ሲቆርጥ ያርዳታል፣ ወይም ሞታ ያገኛታል። ጭንቅላቷ የት ይሄዳል? ውሻው ፈልፍሎ ይበላዋል፤ በሚቀጥለው ክረምት ሌሎች ሁለት ሦስት በጎች መዞር ይጀምራሉ። የመንዝ በግ ሱፉ ባና የሚሠራበት፣ በውርጩ የሚጸና፣ የቤቱ ባንክ የሆነ እንስሳ ነው። ዝርያውን ለማሻሻል በሞላሌና በመሐል ሜዳ አርቢዎችና ተመራማሪዎች አብረው ሲደክሙ ዓመታት ተቆጥረዋል። የተመረጠውን አውራ የምትወልደው እናት ግን ውሻው ያበላሸውን ሣር ትግጣለች።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር ልግባ። «ጥሬ መብላት የውሻ ተፈጥሮው ነው» ይባላል። ተፈጥሮን ማየት የሚፈልግ ሰው ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ጓሳ ይሂድ። 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆነው በዚያ ሜዳ ላይ ቀይ ቀበሮ ጆሮዋን ቀስራ፣ ሆዷን ከሣሩ አስጠግታ፣ አይጥ ስታደባ ታያላችሁ። የያዘችውን አይጥ ከነአጥንቱ፣ ከነፀጉሩ፣ ከነሆድ ዕቃው ትበላለች። የተመጣጠነ ጥሬ ምግብ ማለት ይኼ ነው፤ ሥጋው ጉልበት፣ አጥንቱ ካልሲየም፣ ጉበቱ ቫይታሚን ይሰጣታል። ቀይ ቀበሮ ያንን የምታገኘው በየቀኑ ነው። የእኛ ውሻ ግን 55 ቀን ሙሉ ሁዳዴ ሲጾም ኖሮ በአንድ ማለዳ የታመመ ሳንባ ይወረወርለታል። ይህን ተፈጥሮ ብሎ መጥራት አይቻልም።

ውሻ ደግሞ ቀበሮ አይደለም። በስዊድን የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ኤሪክ አክሰልሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተሙት ጥናት፣ ውሻ ከተኩላ ከተለየ በኋላ ስታርች የሚፈጭበትን ዘረ መል እንዳበዛ አሳይቷል። ከሰው ጋር፣ ከእህል ጋር፣ ከምድጃ ጋር የኖረ እንስሳ ነው፤ አንጀቱም ይህን ኑሮ ተምሯል። ስለዚህ የመንዝ እናት ለውሻዋ የምትቆርስለት የገብስ ቂጣ የድህነት ምልክት ሆኖ የሚያሳፍራት አይደለም። ለሺህ ዓመታት የተስማማው ምግቡ ነው።

እንዲያውም ሥጋ ብቻ መመገብ ራሱ ጉዳት አለው። ለውሻ ካልሲየሙ ከፎስፈረሱ እኩል ወይም ትንሽ በለጥ ማለት አለበት። በሥጋና በጉበት ውስጥ ግን ፎስፈረሱ ካልሲየሙን ከ10 እጥፍ በላይ ይበልጠዋል። ቡችላ በሥጋ ብቻ ካደገ እግሩ ይቆለመማል፣ አጥንቱ በቀላሉ ይሰበራል።

«ጥሬ የበላ ውሻ ይከፋል፤ ቤት ይጠብቃል» የሚሉም አሉ። እኔ የማውቀው ኃይለኛ ውሻ ሁሉ በልጅነቱ ታስሮ፣ ተመትቶ፣ ተርቦ ያደገ ነው። ጥሬ ሥጋ ክፋት አያስተምርም። አባባላችን ራሱ «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ነው የሚለው። የሚጠብቀው የበላበትን ቤት ነው። በየዕለቱ ከደጃችሁ የሚመገብ ውሻ በየዕለቱ ከደጃችሁ ያድራል።

ያልተመገበው ግን ይሄዳል፤ ይህ ነገር ከግቢያችን አልፎ ጓሳ ድረስ ይደርሳል። የተራበ ውሻ ጥንቸልና አይጥ ፍለጋ ሜዳ ይወጣል። ከቀይ ቀበሮ ጋር ይገናኛል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ከያዘው ይነክሳታል። በባሌ ተራሮች በዌብ ሸለቆ እ.ኤ.አ. በ2003 በተነሳው ወረርሽኝ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱ እጅ ገደማ አልቀዋል። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 አይበልጡም፤ ጥቂት ደርዘኖቹ የእኛ ጎረቤቶች ናቸው። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹም ከውሻ ጣጣ አላመለጡም። ፒተር ፋሺንግና ንጋ ንጉየን ከባልደረቦቻቸው ጋር በጓሳ ጭላዳዎች ላይ ያደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ጥናት፣ የትል ቋጠሮ ሰውነታቸው ላይ ያበጠባቸው እናቶች ከሌሎቹ በበለጠ እንደሚሞቱ፣ ልጆቻቸውም አብረው እንደሚጎዱ አሳይቷል። ያ ትል የሚያድገው በውሻና በውሻ ዘመዶች አንጀት ውስጥ ነው። ጥንቸል ሲያሳድድ ከሚውል ውሻ፣ ቤቱ ጠግቦ የሚያድረው ለጭላዳዋም ይሻላል።

አንድ ዘመዴ በዚህ ጉዳይ ስንከራከር «እኛስ ቁርጥ እንበላ የለ?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። አዎን፣ እንበላለን፤ የጥሬ ሥጋ ዋጋውንም እናውቀዋለን። ኮሶ ሲታየን ምን እናደርጋለን? እናቶቻችን የኮሶ ዛፍ አበባ ወቅጠው በባዶ ሆድ ያጠጡን ነበር፤ ዛሬ ከፋርማሲ ኪኒን እንገዛለን። ጥሬ የበላ ሰው መድኃኒቱን ይወስዳል። «ጋሼ፣ ውሻህን ኮሶ ያጠጣኸው መቼ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ዝም አለ። ለውሻው ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በሽታው ባለበት አገር ውሻ በዓመት ቢያንስ 4 ጊዜ እንዲወስደው ይመክራል። መድኃኒቱን የዋጠ ውሻ ግን ለጥቂት ቀን ታስሮ ኩሱ መቀበር አለበት፤ ያለዚያ የወጣው ሁሉ ሣሩ ላይ ይወድቃል።

አዲስ አበባ ውስጥ የሚያድጉ የፈረንጅ ውሾች ባለቤቶች ደግሞ ሌላ ማስረጃ ይዘው ይመጣሉ። አውስትራሊያዊው የእንስሳት ሐኪም ኢያን ቢሊንግኸርስት እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው መጽሐፍ ጥሬ አጥንትና ሥጋ ለውሻ ይበጃል ካለ ወዲህ፣ በውጭ አገር ብዙ ሰው በዚህ መንገድ ይመግባል። እኔ ከእነርሱ ጋር የከረረ ጠብ የለኝም። እነርሱ የሚገዙት ሥጋ በቄራ ሐኪም የታየ፣ በማቀዝቀዣ ለቀናት የበረደ፣ ከአጥንትና ከአትክልት ጋር ተመዝኖ የተዘጋጀ ነው። ያንን ሐሳብ አምጥቶ በጓሮ በታረደ በግ ሳንባ ላይ መለጠፍ ግን ትልቅ ስህተት ነው። ጓሮ ውስጥ ሐኪም የለም። «የእኛ ብርድ ማቀዝቀዣ ነው» ለሚለኝ የአገሬ ሰው፦ የመንዝ ውርጭ ሌሊት የሳንባውን ቆዳ ያደርቀው ይሆናል፤ ፀሐይ ስትወጣ ይቀልጣል። ኒውዚላንድ ውስጥ ለውሻ የሚሰጥ የበግ ሥጋ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ለ10 ቀን እንዲበርድ ይመከራል።

ኒውዚላንድን ያነሳሁት በምክንያት ነው። እንደ እኛ የበግ አገር ናት፤ ይህ ትል ገበሬዎቿን ለትውልዶች አሰቃይቷል። ለውሻ ጥሬ ሆድ ዕቃ መስጠትን በሕግ ከለከለች፣ ውሾቿን በመድኃኒት አጠበች፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ከበሽታው ለጊዜው ነፃ መሆኗን ለማወጅ በቃች። ሕጉ ግን ያኔም ወዲያው አልተነሳም፤ ሆድ ዕቃ ለውሻ ከመሰጠቱ በፊት ቢያንስ 30 ደቂቃ መፍላት ነበረበት። አይስላንድ ከእርሷ ቀድማለች። ዴንማርካዊው ሃራልድ ክራቤ እ.ኤ.አ. በ1863 ወደዚያ ሄዶ ውሾችን መረመረ፤ በማግስቱ ዓመት አንድ ትንሽ መጽሐፍ ተጻፈና ለሕዝቡ ታደለ። ቃሉ ቀላል ነበር፤ የታመመ ሆድ ዕቃ ለውሻ አትስጡ፣ አቃጥሉት ወይም ቅበሩት። በዚያን ዘመን ለሰው ቋጠሮ መድኃኒት አልነበረም፣ ለውሻም ፕራዚኳንቴል አልነበረም። የተጀመረው በማንበብና በአካፋ ነው። ዛሬ አይስላንድ ውስጥ በሽታው የለም።

«እነርሱ መንግሥት አላቸው» እንዳትሉኝ። መንዝ መንግሥት ሳያዘው ሕግ አውጥቶ ያከበረ አገር ነው። የጓሳን ሣር ቄሮ በሚባለው የጥበቃ ሥርዓት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያስጠበቀው ሽማግሌው ነው። ሣሩ ሲዘጋ ለዓመታት ይዘጋል፤ አስቦ የተባለውም ጌራ የተባለውም ወገን እጁን ይሰበስባል፤ የጣሰ ይቀጣል። ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲፈርስ እንኳ ሕዝቡ እንደገና ኮሚቴ አቋቁሞ ጓሳውን አስጠብቋል። አንድ ሰው ሳይፈቀድ ጓሳ እንዳያጭድ መከልከል የቻለ ማኅበረሰብ፣ አንድ ሰው ቋጠሮ ያለበትን ሳንባ ሜዳ ላይ እንዳይጥል መከልከል ያቅተዋል? በዕድሩ፣ በማኅበሩ፣ በቀበሌው ስብሰባ ይነሳ። እኔ ለዚህ አቤት የምለው ለሽማግሌዎቹ ነው፤ እነርሱ ካሉ ይሆናል።

ከክርክሮቹ ሁሉ ልብ የሚነካው የማገዶው ነው። እንጨት የለም። ኩበት በክረምት ወርቅ ነው። ለልጅ ገንፎ የማይበቃ እሳት ለውሻ ሳንባ 30 ደቂቃ ይነድዳል? ይህን የምትለኝ እናት እውነቷን ነው፤ በእርሷ ላይ ሸክም መጨመር አልፈልግም። ግን በበዓል ቀን በቤቱ ያለው እሳት ሌላ ነው። የዶሮው ወጥ ሲወጣ ፍሙ ገና ይጋያል። ሳንባው የሚፈልገው ያንን ትርፍ ፍም ነው። እሳት ከሌለ ጉድጓድ አለ፤ ውሻ ጭሮ ሊያወጣው የማይችል ጥልቅ ሆኖ ከላይ ድንጋይ የተጫነበት። ያ ደግሞ የወንዶቹ ሥራ ይሁን። በግ ለማረድ ጉልበት ያለው ሰው ለመቆፈርም አለው። ውሻው ደግሞ ከእርድ በፊት ይታሰር፤ ሆድ ዕቃው እስኪነሳ ድረስ ገመዱ አይፈታ።

ለዕለት ምግቡስ? ብዙ አይጠይቅም። የገብስ ዱቄት ቀጠን ብሎ እንደ ገንፎ ይገነፋል፣ የተቀቀለ ባቄላ ወይም ምስር ይጨመርበታል። በጾም ወራት ያም ይበቃዋል፤ በፍስክ ቀን የተቀቀለው ሳንባ፣ ጉበትና ጨጓራ እየተከተፈ ይገባበታል። ለካልሲየሙ መላ አለ፦ በፋሲካ ለዶሮው ወጥ የተቀቀሉት 12 እንቁላሎች ቅርፊታቸው ለምን ይጣላል? ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ ቆንጠር እየተደረገ ገንፎው ላይ ይነስነስ። የወጥ ትራፊ ግን አትስጡት፤ ቀይ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል። የተቀቀለ ትንሽ አጥንትም ይሰነጠቅና ጉሮሮውን ወይም አንጀቱን ይወጋዋል።

ባለፈው ፋሲካ መሐል ሜዳ ነበርኩ። አጎቴ በጉን ሲያርድ ከሳንባው ላይ ሦስት ቋጠሮ አየሁ። «ጣልለት» ከማለቱ በፊት እጄን ዘረጋሁና ተቀበልኩት። አክስቴ ጓዳ ገብታ ጆሮው የተሰበረ፣ ጥላሸት የጠጣ የቆየ ድስት አወጣችልኝ፤ ውሃ ጨመርን፣ ሳንባውን በሙሉ አጠለቅነውና ፍሙ ላይ ጣድነው። የእጄን ሰዓት እያየሁ ተቀመጥኩ። አጎቴ መጀመሪያ ራሱን ነቀነቀ፤ በኋላ መጥቶ ድስቱን ገለጥ አድርጎ አየ፣ «ውሻውን ሸትቶታል» አለ። ሳንባው ግራጫ ሆኖ ተኮማትሮ ነበር። ውሻው በገመዱ ልክ ተስቦ፣ አፍንጫውን ወደ እንፋሎቱ አቅንቶ ይጠብቅ ነበር። የአክስቴ ትንሽ ልጅ ጠጋ ብላ «በረደ?» አለችኝ። ገና ነው አልኳት፤ እጇንም በሳሙና እንድትታጠብ ማሰሮውን አዘነበልኩላት።